እማዬ ዳማ የምትጫወትበት ከተማ

«እንግዲያው እኛ እንመጣለን!»

ይህን ያለችው እማዬ ናት፤ በስልክ፣ ለአባዬ፣ በሰኔ መጨረሻ። ለእናንተ ተራ ዓረፍተ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። በእኛ ቤት ግን ከስንት ዓመት በኋላ የተፈጠረ አዲስ ዓረፍተ ነገር ነው። አባዬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አዳማ፣ ቤታችን፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል፣ በየቀኑ ይደውላል፤ ንግግራቸውን እኔ ብቻ ሳልሆን ጎረቤቱም በቃሉ ያውቀዋል። «እንዴት ዋላችሁ?» «ደህና።» «ልጅቷስ?» «ደህና ናት።» «እሺ በቃ፣ ቻው።» ልጅቷ እኔ ነኝ። ስም አለኝ፤ ምሕረት እባላለሁ።

የዚያን ቀን አባዬ ከደንቡ ወጣና፣ «መርከቡ ስለዘገየ ሁለት ሳምንት ያህል እዚህ ተራ እጠብቃለሁ። ደግሞ የሐምሌ ሚካኤል እኔ ጋ ነው» አለ። ሚካኤል እንዴት ሆኖ እሱ ጋ እንደሚሆን አልገባንም። በእኛ ቤት ደግሞ ያልገባ ነገር አይጠየቅም፤ «ደህና» ተብሎ ይታለፋል። እማዬ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችና ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገረች። እኔ ሶፋው ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። ጅቡቲ! ባቡር! ባሕር! አባዬ ከሁለት ዓመት በፊት «አንድ ቀን እወስዳችኋለሁ» ብሎ ያስወጣልን ፓስፖርት ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ልብስ ጋር ይኖር ነበር፤ በመጨረሻ ከቤት ሊወጣ ነው።

ደስታዬ አንድ ቀን ሙሉ ቆየ። በማግስቱ እማዬ ልብስ እያሰጣች፣ በግንቡ ላይ ለጎረቤታችን ለእትዬ ትርንጎ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«ሄጄ ፊት ለፊት ልንገረው ብዬ ነው። በስልክ አይሆንም። ልጄን ይዤ አዋሳ ወንድሜ ጋ እገባለሁ። ያገባሁት ባል አይደለም፣ ሰዓት ነጋሪ ነው።»

«ኧረ ባክሽ አልማዝ! ተጣላችሁ እንዴ?»

«ብንጣላማ ጥሩ ነበር። ለመጣላትም እኮ ማውራት ያስፈልጋል።»

እንግዲህ በአንድ ትከሻዬ ቦርሳዬን፣ በሌላው ይህንን ተሸክሜ ነው የሄድኩት። አሁን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የግድግዳ መጽሔት የምጽፈው፣ ያለፈውን ወር ጽሑፌን ሰዎች ቆመው ሲያነቡ ስላየሁ ነው። ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ዝናብ ተጠልላ ነው። ቢሆንም አነበበች። እማዬና አባዬም ይህን አይተው ፈቅደዋል። አባዬ «ላቤን ግን ቀንሺው» ብሏል። አልቀነስኩም።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከአዳማ ድሬዳዋ

አዳማ ባቡር ጣቢያ ከአዳማ በጣም ስለሚርቅ፣ በባጃጅ ስንደርስ ጅቡቲ የደረስን መስሎኝ ነበር። እማዬ የያዘችው ጓዝ ለሦስት ሾፌር ይበቃል፤ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቅቤ የራሰ አንድ ባልዲ ጭኮ። ባልዲው እግሬ መሃል ተቀመጠ፤ ጉዞውን ሁሉ ከእኔ ጋር አደረገ።

«ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?» አልኳት።

«አባትሽ ነፍሱ ነው።»

«እሱ ነው ያለሽ?»

«ሲያገባኝ ይወድ ነበር» አለች። እኔ ገና ሳልወለድ ማለት ነው። መረጃው ትንሽ ቆየት ያለ ነው።

ባቡሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ አይከፈትም። መስኮት የማይከፈትበት መኪና ውስጥ ሰው እንዴት ይጓዛል? በእኛ አገር አውቶቡስ በሚቆምበት ሁሉ ብርቱካኑ፣ ቆሎው፣ ሙዙ በመስኮት ይገባል። እዚህ ግን ሐይቁም ተራራውም ከመስታወት ጀርባ እንደ ቴሌቪዥን ያልፋል። አዋሽን ካለፍን በኋላ ባቡሩ ቀስ አለ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ «ግመል ነው» አሉ። እውነትም ግመሎቹ ሐዲዱ ላይ ቆመው ነበር፤ እንደ አዳማ ባጃጅ፣ መንገዱ ለእነሱ ብቻ የተሠራ ይመስል። ሽማግሌው «እስኪበቃቸው መጠበቅ ነው» አሉና፣ ከፌስታላቸው ቴምር አውጥተው ለእማዬና ለእኔ አካፈሉን። ግመሎቹ እስኪበቃቸው ቴምሩ አለቀ።

ድሬዳዋ ስንገባ መሽቶ ነበር። ያደርንበት አልጋ ቤት ባለቤት ጉዟችንን ሰምተው፣ «ጅቡቲ? በሐምሌ? ምን በድላችሁ ነው?» አሉን። ከዚያ ሳንጠይቃቸው አንድ ጆግ ሙሉ በረዶ የሞላበት ውሃ ይዘውልን መጡ። «ጠጡ፤ ነገ ትናፍቁታላችሁ።» ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ቀን፤ ድንበሩና ባልዲው

ድንበር ላይ፣ ደወሌ፣ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ እማዬን ጠየቃት።

«የምትሄጂው ለምንድን ነው?»

«ባለቤቴን ላነጋግር።»

«ስልክ የለውም?»

«አለው። ችግሩ እሱ ነው።»

ሰውዬው አያትና ማኅተሙን ቶሎ መታ። ያገባ ሰው ይመስለኛል።

ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ስንወርድ አየሩ ፊቴን ያዘኝ። አዳማ ላይ ነፋስ ሲመጣ አቧራ ቢያበላንም ቢያንስ ይበርዳል። የጅቡቲ ነፋስ ግን ከምድጃ ፊት የሚመጣ ነው። አባዬ ተራው እንዳያልፍበት ከመኪናው መራቅ ስለማይችል፣ የተቀበለችን ፋጡማ ናት። ፋጡማ የድሬ ልጅ ናት፤ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ታከራያለች፤ የሾፌር ቤተሰብ ከመጣ እሷ ጋ ነው የሚያርፈው።

«እትዬ ፋጡማ፣ እንደምን አሉ?» አልኳት በሰንበት ትምህርት ቤት ትሕትና።

«አቦ ተይኝ! እትዬ ምናምን ካልሽኝ ሽማግሌ ሆንኩ በቃ። ፋጡ በይኝ። ሞቀሽ? ይሄ እኮ ሙቀት አይደለም፤ ሙቀቱ ገና ነው።»

አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ውስጥ ገባን። ባልዲው አሁንም እግሬ መሃል ነው። መንገዱ ግማሽ ላይ ቀሚሴ ረጠበ። ላብ መሰለኝ፤ ላብ ግን ቢጫ አይደለም፣ ላብ ኮረሪማ ኮረሪማም አይሸትም። ጭኮው ቀልጦ፣ ቅቤው በክዳኑ ጠርዝ ወጥቶ፣ በእግሬ ወርዶ የታክሲውን ወንበር እያጠጣ ነበር። ሾፌሩ በመስታወት አየና በሶማሊኛ ጀመረ፣ በፈረንሳይኛ ጨረሰ። እማዬ በአማርኛ ይቅርታ ጠየቀች። ፋጡማ ሦስቱንም ቋንቋ እየቀላቀለች ስትናገር ሰውዬው ቀስ በቀስ ፊቱ ተፈታ፤ በመጨረሻም ሳቀ።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«‹ይሄ ቅቤ ነው፣ ለወንበርህ ጤና ነው› አልኩት። ደግሞ ነገ ሳምቡሳ አደርስለታለሁ ብያለሁ።»

ቤት ስንደርስ ወንበሩን በሳሙና ያጸዳችው እሷ ናት። ባልዲውን ፍሪጅ ውስጥ ከታ፣ ድሪያ የሚሉትን የራሷን ስስ ሰፊ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ የእኔን ቀሚስ አጠበችው። ልብሱ ገና ሻይ ሳንጠጣ ደረቀ። አዳማ በክረምት ካልሲ ለማድረቅ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ለጅቡቲ የሰጠሁት የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው። ሁለተኛውን ቀነስኩባት፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚለውን ቧንቧ ስከፍት ሻይ የሚፈላበት ውሃ ወጣ።

ሦስተኛው ቀን፤ ዝነኛዋ እናቴ

አርብ ነበር። ፋጡማ ለመስጊድ ስትለባበስ እኛ መኪኖቹ ተራ ወደሚጠብቁበት ሜዳ ሄድን። ከከተማው ወጣ ይላል። ዓይን እስከሚደርስ ድረስ መኪና ነው፤ ታርጋው ሁሉ የእኛ። አዳማ ዋናው መንገድ ላይ ሲያልፉ «እነዚህ ሁሉ የት ነው የሚሄዱት?» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ እዚህ ነው የሚሄዱት፤ መጥተው ይቆማሉ።

አባዬ በሸሚዝ መጣ። አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ አለ፤ ላቡ ከግንባሩ እስከ ጫማው ይወርዳል። እኔን አቅፎ አነሳኝ፤ እማዬን ጉንጯን ሦስት ጊዜ ሳማት፤ ከዚያ «እንዴት ዋላችሁ?» አለ። እማዬም «ደህና» አለች። ይህን ያህል አገር አቋርጠን የመጣነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ግን ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ከየመኪናው ጥላ ሾፌሮች እየወጡ ከበቡን። ከፊት ያለው ሽሜ የሚሉት ረጅም ቀጭን ሰውዬ ነው፤ በአንድ እጁ የዳማ ሰሌዳ፣ በሌላው አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ ይዟል።

«እትዬ አልማዝ! በመጨረሻ! የአዳማን ወንድ ሁሉ በዳማ ያስለቀሱት እርስዎ ነዎት?»

እማዬ ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ አልማዝ መኖሯን አየች። አልነበረችም።

ሌላው ተቀበለ፤ «የውሃ ዋናውስ እንዴት ሆነ? ሶደሬ በየሳምንቱ ነው አሉ።»

«በርሚል ውስጥ የተከሉት ሎሚስ አፈራ?»

እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ የመኪናውን ጎማ እያየ ነበር፤ ጎማው ጤነኛ ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር ውሃ ውስጥ ስትገባ ያየኋት እግሯን ስትታጠብ ብቻ ነው። እሷ ግን ሰው ፊት ባሏን አታዋርድም። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ አለችና ቆርኪዎቹን ደረደረች፤ ያውም በነጩም በጥቁሩም ላይ። ሽሜ በትሕትና አስተካከለላት። ጨዋታው የሻይ ስኳር እስኪሟሟ አልቆየም። እማዬ ተሸነፈች።

«ለእንግድነቷ ብላ ለቀቀችልህ» አለ አንዱ።

«ደክሟት ነው» አለ አባዬ።

ወሬውን ለማስቀየር ይመስለኛል፣ እማዬ ባልዲውን ገፋ አድርጋ «ጭኮ አምጥቼልሃለሁ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አባዬ። «ግን አርብ ነው።»

ሽሜ ወደ አባዬ እየጠቆመ ሳቀ። «ለደሬማ መቼ ነው አርብ ያልሆነው? ቅቤ ከተወ ሦስት ዓመቱ አይደል እንዴ! ያ ጨጓራው…» ብሎ የእማዬን ፊት አየና አቆመ።

በታክሲ ተመለስን። ካርቲየ 6 ልንደርስ ስንል እማዬ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ፣ «እሱ ሌላ ሴት ነው ያገባው፤ ዳማ የምትችል» አለች። ቀጥላም «እኔም ሌላ ሰው ነው ያገባሁት፤ ቅቤ የሚበላ» አለች። እኔ በልቤ አዋሳ ውስጥ የምማርበትን ትምህርት ቤት እየፈለግሁ ነበር።

አራተኛው ቀን፤ የሚተኛ ከተማ

ከሰዓት ዳቦ እንድገዛ ተላክሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጫቱ መጥቶ፣ ምሳው ተበልቶ፣ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ሱቅ የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ ከመኪና ሥር ነው። አዳማ በዚህ ሰዓት ብትወጡ ሰው እየገፋችሁ ነው የምትሄዱት። ብቻዬን እየዞርኩ ከካርቲየ 6 ወጥቼ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሌላ ሰፈር መግባቴን ያወቅሁት፣ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ያነጠፉ አንዲት ሴትዮ ጠርተው በምልክት ሲያስቀምጡኝ ነው። አማርኛ አይችሉም፤ እኔ ሶማሊኛ አልችልም። ውሃ ሰጡኝ፣ ግማሽ ዳቦ ሰጡኝ፣ ማራገቢያቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ስድስትን በፈረንሳይኛ አድርጌ «ካርቲየ ሲስ፣ ፋጡማ» ስላቸው ስቀው ራሳቸው መንገዱን አሳዩኝ። በቋንቋ ሳንግባባ ይህን ያህል ስንግባባ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ባልና ሚስት ትዝ አሉኝ።

ቤት ስገባ እማዬና ፋጡማ መሬት ላይ ተጋድመው ያወራሉ።

«ጨጓራው መቼ ጀመረው?» ትላለች እማዬ።

«አቦ፣ እኔን ነው የምትጠይቂው? ሚስቱ አንቺ ነሽ እኔ?»

«ነግሮኝ አያውቅም እኮ።»

«ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

እማዬ ተነስታ ውሃ ጠጣች።

አመሻሹ ላይ ባሕሩን አየሁ። ትልቅ ነው፣ ጨው ነው፣ ይሞቃል። ስለ ባሕር ብዙ እንደምጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ይቅርታ አድርጉልኝ።

አምስተኛው ቀን፤ ሚካኤል አባዬ ጋ

እሁድ በጅቡቲ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ሰው ከፈጣሪ ጋር ቀጠሮ እንዳለው በሰዓቱ ይመጣል። የወደብ ሠራተኞች ደማቅ ቢጫ የሥራ ሰደርያቸው ላይ ነጠላ ደርበው ይቆማሉ፤ ያለቻቸው አንድ ሰዓት ናት፣ በዚያች ሰዓት ዓይናቸው አይዞርም። እኛ አዳማ ቅዳሜ አርፈን እሁድ አርፍደን እንመጣለን። እኔ ራሴ መዝሙር እየዘመርኩ የማን ቀሚስ አዲስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቃል የያዝኩት ነገር ዓይኔን ሥራ ያስፈታዋል።

ከሰዓት በኋላ «ሚካኤል እኔ ጋ ነው» የሚለው ነገር ተገለጠልን። ሾፌሮቹ የጽዋ ማኅበር አላቸው። ነገር ግን ቤት የላቸውም፤ ስለዚህ ጽዋው የሚዞረው ከመኪና መኪና ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሜዳው ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ መኪና፣ እሱ ነው ደጋሹ። ጽዋው በትንሽ መሶብ ሆኖ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ይቀመጣል፤ መኪናው አዲስ አበባ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ቀበቶም ታስሮለታል። በሁለት መኪና መሃል ሸራ ተወጥሮ ጥላ ተሠራ። ጠላ የለም፤ ብርዝ አለ። ድፎ የለም፤ ክንድ የሚያህለው የፈረንጅ ዳቦ አለ። ቄስ ባይኖርም ሽሜ አለ፤ ያ ቀልደኛ ለካ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር! ጸሎቱን ሲያደርስ ድምፁ ሌላ ሰው ሆነ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ሽማግሌ ሾፌር። ለእኛ ለእንግዶቹ ደንቡን ነገሩን።

«እዚህ ባዶ አፍ ጽዋ አይጠጣም። እያንዳንዱ ስለ ቤቱ ባለፈው ወር ያላወቀውን፣ አሁን ግን ያወቀውን አንድ ነገር ይናገራል። ከሌለው ብርጭቆ ያጥባል። ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ቤቴ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ መነጽር አገኘሁ። ‹የማን ነው?› ብል፣ የልጄ ነው። ካደረገችው ዓመት አልፏታል። በየቀኑ እደውል ነበር እኮ! በስልክ መነጽር አይታይማ።»

«ሁለተኛውንም ይንገሯቸው» አለ ሽሜ።

«አዎ። ከዚያ ደግሞ ለእግዜር ብላችሁት የማታውቁትን አንድ ነገር ትላላችሁ። ሚካኤልንም በየወሩ ‹ጠብቀን› ብለን ቻው ነበር የምንለው። መልአክ ሆኖ ነው እንጂ ስልኩን ይዘጋብን ነበር።»

ተጀመረ። አንዱ ልጁ ግራኝ መሆኗን ገና ማወቁን ተናገረ። አንዱ የሚለው አጥቶ የብርጭቆውን ሳፋ ሳበ። ሽሜ ተነሳ። «አማቴ እንደማትወደኝ አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ልክ ናት።» ሸራው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ደጋሽ መጨረሻ ነው የሚናገረው፤ ከእሱ እንግዳ ይቀድማል። ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ልጄ፤ አንቺስ?»

«አባዬ ጨጓራ እንዳለበት አላውቅም ነበር» አልኩ።

«ጎሽ። ለሚካኤልስ?»

ሌሎቹ ሲናገሩ ያዘጋጀሁት የሚያምር ነገር ነበረኝ። ለመርከቡም፣ ለመንገደኛውም፣ ለአገርም የሚሆን። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እማዬ አዋሳ እንዳትሄድ።»

ሳቁ ቆመ። እማዬ «ምሕረት!» አለች በጥርሷ። አባዬ የብርዙን ጆግ እንደያዘ ቀረ።

«አዋሳ ምን አለ?» አለ።

«ወንድሜ አለ» አለች እማዬ።

የመጣችው ይህን ልትናገር ነበር። በአራት ቀን ውስጥ እሷ ያላለችውን እኔ በአንድ ትንፋሽ፣ ያውም በጸሎት፣ ያውም ከሃያ ሾፌር ፊት አልኩላት። መሬት ብትከፈት መግባት ፈልጌ ነበር፤ ግን የጅቡቲ መሬት ያቃጥላል።

አባዬ ጆጉን አስቀመጠ። «ጋሽ ወርቁ፣ ተራዬ ባይሆንም ልናገር። አልማዝ ዳማ አትችልም።»

«እሱንማ አየን» አለ ሽሜ በቀስታ።

«ዋናም አትችልም። ሎሚም የለም።»

«ሎሚውም? እኔ እኮ ሚስቴን በዚያ ሎሚ ስንት ጊዜ ወቀስኳት!»

«ዝም በል ሽመልስ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ለምን ዋሸህ ደረጀ?»

«ተራዬ ሲደርስ የምለው የለኝም። ስደውል ‹ደህና› ትለኛለች። ‹ደህና› ላይ ምን ይጨመራል? መሪ ይዤ፣ አሁን ምን እያደረገች ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ያሰብኩትን ነው ያመጣሁላችሁ።»

ጋሽ ወርቁ ጢማቸውን አሹ። «የአንተ ቅጣት ብርጭቆ አይደለም። ሚስትህ ይቻትና። ጠይቀሃት የማታውቀውን ጠይቃት። አሁን።»

አባዬ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። እማዬን አየ።

«ደህና ነሽ?» አለ።

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። አንዱ ከሳጥኑ ወደቀ። አባዬ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ማለት… ጤናሽ…» አለ፤ እንደገና ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም። እማዬም አልሳቀችም።

አባዬ ቁጭ አለ። ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ግን ሁላችንም ሰማን፣ «እኔ ‹ቻው› ካልኩሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ስልኩን አልዘጋውም» አለች። «አንተ መዝጋት ትረሳለህ። ሁልጊዜ። ኪስህ ውስጥ ሆኖ ይሰማኛል። አንድ ቀን ከሽመልስ ጋር ስለ ሽንኩርት አከታተፍ ስትከራከር ሰማሁህ፤ ከዚያ ሳቅህ። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ። እዚያ ትስቃለህ፤ እኔ ጋ ስትደርስ ‹ልጅቷስ› ነው። እኔ እሱን እየሰማሁ ነው የቆየሁት። እሱን ነው መሸከም ያቃተኝ።»

እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ሆኖ ዝም ስትል የአባዬ ካርድ አልቆ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ እጇን ያዘ፤ ሰው ፊት ያደርገዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እትዬ አልማዝ፣ የእርስዎ ተራ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«የመጣሁት፣ አትደውልልኝ፣ አዋሳ እገባለሁ ልለው ነው» አለች እማዬ። «አዋሳን ትቼዋለሁ አላልኩም። ክረምቱን አያለሁ። አትደውል ያልኩትም እንዳለ ነው፤ በየቀኑ አትደውል። በሦስት ቀን አንዴ ይበቃል። ግን ጥያቄ ይዘህ። ‹ደህና ነሽ› ካልከኝ እዘጋዋለሁ። እኔም ጥያቄ ይዤ እጠብቅሃለሁ፤ ጨጓራህን ከሰው አፍ አልሰማም።»

«ለሚካኤልስ?» አለ ሽሜ።

እማዬ ሸራውን ቀና ብላ አየች። «ለሱ በኋላ ብቻዬን እነግረዋለሁ» አለች።

ተፈቀደላት። ጽዋው ዞረ።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን፤ መመለስ

ፋጡማ ጣቢያ ድረስ ሸኘችን። ጭኮው ለእሷ ቀረ፤ «የድሬ ልጅ ጨጓራ አይታመምም አቦ» ብላ። ባቡሩ በግመል አልቆመም፤ በሌላ ምክንያት ቆመ፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። እማዬ መንገዱን ሁሉ አንድ የደብተር ገጽ ላይ ስትጽፍና ስትሰርዝ ነበር። ለአባዬ የሚሆን ጥያቄ ነው። አላሳየችኝም።

ከተመለስን አራት ጊዜ ደውሏል። የመጀመሪያው ጊዜ «በልጅነትሽ የምትፈሪው እንስሳ ምን ነበር?» አላት፤ ከዝይ ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ ሰማሁ። ሁለተኛው ጊዜ እሷ ጠየቀችው፤ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ያውቅ እንደሆነ። እውነቱን ነገራት። ያን ሌሊት አልተኛችም። እንግዲህ መጠየቅ ሁልጊዜ ደስ አይልም፤ ይህንንም ልንገራችሁ። ሦስተኛው ጊዜ ተጣሉ! ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ ግን ከሶፋው ላይ ልዘል ምንም አልቀረኝም። አራተኛው ጊዜ «ምሕረትን አቅርቢልኝ» አለ። በስሜ።

የአዋሳው ነገር አላለቀም። እማዬ ክረምቱን አያለሁ ብላለች፤ ክረምቱ ደግሞ ገና ነው። እኔ ማታ ማታ ስጸልይ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው፤ በቃሌ ካጠናሁት በፊት።

አሁን ወደ ጥሪው ልምጣ። እማዬ ከእትዬ ትርንጎና ከሌሎች የሾፌር ሚስቶች ጋር ሆና የማርያምን ጽዋ ልትጀምር ነው። የመጀመሪያው ነሐሴ ሃያ አንድ፣ እኛ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ። የሾፌር ቤተሰብ መሆን አያስፈልግም፤ አብሮ የሚኖርና የማይተዋወቅ ሰው በየቤቱ አለ ብላለች እማዬ። «ጓደኞችሽንም ጥሪ፤ እናቶቻቸውን ይዘው ይምጡ» ስላለችኝ ይኸው ጠራኋችሁ። በርጩማ ይዛችሁ ኑ፤ ያለን አምስት ብቻ ነው። ደንቡ እንደ ጅቡቲው ነው፤ ብርዙ ከመቀዳቱ በፊት ስለ ቤታችሁ ሰው አንድ የማታውቁት የነበረ ነገር ትናገራላችሁ።

እስከዚያ ጊዜ አላችሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ እናታችሁን አንድ ነገር ጠይቋት። መጀመሪያ ገንዘብ ፈልጋችሁ ይመስላታል። አትሂዱ፤ እዚያው ቁሙ።